የማይሳብ ሊጥ፤ ከቴሊዮ የተማርኩት ፒትሶኬሪ

የመጀመሪያው ፒትሶኬሪዬ፣ ያ ጥቁር ግራጫ የተራራ ፓስታ፣ ድስት ውስጥ ገንፎ ሆኖ ቀረ። ሊጡን አሳስቼ ዳምጬው ነበር። እንደ ታሊያቴሌ ረጃጅም አድርጌም ቆርጬው ነበር። ውሃው ሲፈላ ጨመርኩት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተበጣጠሰና ከድንቹና ከጎመኑ ጋር ተለውሶ ግራጫ ነገር ሆነ። ሲኞራ ከወንበራቸው ሳይነሱ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ድስቱን አዩት። አልተቆጡም። «ማን ረጅም አድርጊው አለሽ?» ብቻ አሉኝ።

ያኔ ሚላን ውስጥ ባዳንቴ ነበርኩ። ጣሊያን ያላችሁ ሥራውን ታውቁታላችሁ፤ አዛውንት ቤት ገብቶ፣ እዚያው እያደሩ መንከባከብ ነው። እኔ የምንከባከባቸው፣ ሲኞራ የምላቸው እናት፣ 87 ዓመታቸው ነበር። ሚላን ከ50 ዓመት በላይ ኖረዋል። አገራቸውን ሲጠየቁ ግን «ቴሊዮ» ነው የሚሉት። ቴሊዮ በሰሜን ጣሊያን፣ ሎምባርዲያ ውስጥ፣ ከስዊዘርላንድ ድንበር አጠገብ ባለው የቫልቴሊና ሸለቆ ያለች ትንሽ የተራራ ከተማ ናት። የሸለቆው ስም ራሱ ከእሷ የወጣ ነው። ሲኞራ እጃቸውን ሪህ ይዟቸው ሊጥ ማቡካት ካቆሙ ቆይተዋል። ስለዚህ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እሠራለሁ። አራት ዓመት እንዲህ ሠራን።

ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት በጓደኞቼ ምክንያት ነው። ሱፐርማርኬት ሄደው ጥቁር ግራጫ ፓስታ ያያሉ። ፓኬቱ ላይ ተራራ ተስሏል። ይገዙታል። ቤት ወስደው በስጎ ይሠሩታል። ከዚያ ደውለው «ምንድን ነው እሱ? አፈር አፈር ይላል» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። እኛ ፓስታ የምናውቀው ነጭ፣ ረጅምና ቀይ ስጎ የፈሰሰበት ሆኖ ነው። ፒትሶኬሪ ከቲማቲም ጋር ተገናኝቶ አያውቅም። ቲማቲሙን ትታችሁ እንደ አገሩ ብትሠሩት ግን ብርድ ባለበት አገር ለምትኖሩ ከዚህ የሚሻል የምሳ ምግብ አላውቅም።

ከእህሉ ልጀምር፤ ነገሩ ሁሉ የሚገባው ከዚያ ነው።

ጣሊያኖች ዱቄቱን «ግራኖ ሳራቼኖ» ይሉታል። አማርኛ ስም አላገኘሁለትም። ጥቁር ስንዴ ልለው አሰብኩና ተውኩት። ጥቁር ስንዴ እኛ ጋ ሌላ ነው፣ ራሱን የቻለ ስንዴ ነው። ይሄ ደግሞ ስንዴ አይደለም፤ ጭራሽ ከስንዴ፣ ከገብስና ከጤፍ ወገንም አይደለም። ሶቪየት ኅብረት የተማራችሁ አባቶችና እናቶች በተማሪ ካፌ «ግሬችካ» ብላችሁ የበላችሁት እሱ ነው። እስራኤል ያላችሁ «ኩሴሜት» ስትሉት ትሰማላችሁ። አሜሪካ «በክዊት» ተብሎ ይሸጣል። ዘመዶቹን ስሰማ ግን ደነገጥኩ፤ አንዱ መቅመቆ ነው። ሥሩ ቅቤ ሲነጠር የሚገባው፣ ቅቤውን ቢጫ የሚያደርገው የኛው መቅመቆ። እምቧጮም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ይህን ለሲኞራ ስነግራቸው መቅመቆ የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ዱቄት የያዘውን ዕቃ ጠቁመው «ስለዚህ ዘመዳችሁ ነው» አሉኝ።

ፍሬው ሦስት ማዕዘን ነው። ጥቁር ቡናማ ልጣጭ አለው። ውስጡ ግን ነጣ ያለ ነው። ዱቄቱ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጠብጣብ የልጣጩ ስብርባሪ ነው። ዱቄቱን በጣታችሁ ብታሹት እንደ ስንዴ ዱቄት አይለሰልስም፤ ሸካራ ነው። ሽታውም ትንሽ መረር ያለ፣ የተቆላ ነገር የሚመስል ነው።

«ሳራቼኖ» ማለት በድሮ አጠራር የምሥራቅ ሰው፣ የእስላም አገር ሰው ማለት ነው። ጣሊያኖች በቆሎንም «ግራኖቱርኮ» ይሉታል፣ የቱርክ እህል። በቆሎ ከአሜሪካ እንጂ ከቱርክ አልመጣም። ግን ከውጭ የመጣን እህል በሩቅ ሰው ስም መጥራት የቆየ ልማድ ነው። እኛም እኮ በቆሎን «የባሕር ማሽላ» ብለነዋል። ከባሕር ማዶ መጣ ለማለት ነው። ግራኖ ሳራቼኖ የተነሳው ከደቡብ ምዕራብ ቻይና ተራሮች ነው። ቫልቴሊና መድረሱ በጽሑፍ የተጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1616 ነው። ያኔ ሸለቆው የጣሊያን አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1512 እስከ 1797 የዛሬዋ ስዊዘርላንድ አካል በሆነው በግራውቡንደን ሰዎች እጅ ነበር። የቴሊዮ ሰዎች ተክሉን በራሳቸው ቋንቋ «ፉርመንቱን» ይሉታል። ሲኞራም ከዚህ ሌላ ስም አይጠሩትም ነበር።

እዚያ ድረስ ሄጄ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በኦገስት መጨረሻ። ሲኞራ መንገዱን አይችሉትም ነበር። የዕረፍት ቀኔ ላይ ከሚላን በባቡር ተነሳሁ። ባቡሩ ከሌኮ በኋላ የኮሞን ሐይቅ ዳር ዳሩን ይዞ ይሄዳል፤ ሐይቁ በግራ ነው፣ ቦታ ስትይዙ አስቡበት። ኮሊኮ ሲደርስ ወደ ቀኝ ይታጠፍና ሸለቆው ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ በስተግራ የምታዩት በድንጋይ የተካበ እርከን ነው፤ ከሥር እስከ ላይ ወይን የተተከለበት። ኮንሶን ያየ ሰው እጁን አፉ ላይ ይጭናል። ትሬዘንዳ የሚባለው ጣቢያ ወርጄ ሽቅብ በአውቶቡስ ወጣሁ።

ሸለቆው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ነው። አዳ የሚባለው ወንዝ መሐሉን ይሄዳል። ቴሊዮ ያለችው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚያገኘው ጎን ነው። ከፍታዋ 850 ሜትር ገደማ ነው። በኛ ቆጠራ ቆላ ማለት ነው፤ ግን ቦታው ሰሜን ነውና ብርዱ የደጋ ብርድ ነው፣ በረዶም ይጥላል። ገበሬው ከዚህች አጭር በጋ ሁለት ምርት ማውጣት ነበረበት። መጀመሪያ ሴጋሌ የሚሉትን እህል ያጭዳል። ይሄ ጁላይ ላይ ነው። ወዲያው መሬቱን ገልብጦ ፉርመንቱን ይዘራል። ፉርመንቱን ቸኩሎ የሚደርስ ነው፤ ሦስት ወር አይፈጅም። ጭንቅ መሬት ላይም ይበቅላል። ውርጭ ግን አይችልም። አንዲት ሌሊት ቀድሞ ውርጭ ቢወርድ አለቀ። ስለዚህ ሴጋሌው ከዘገየ፣ ወይ ብርዱ ከፈጠነ፣ ያ ቤት ያን ዓመት ይራባል።

እኔ ስደርስ እርሻው አብቦ ነበር። ነጭ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ሮዝ። ንብ ብቻ ነው የሚሰማው። አንድ አዛውንት ገበሬን አስፈቅጄ ሁለት ዘለላ ቆረጥኩና በጋዜጣ ጠቅልዬ ሚላን ይዤ ገባሁ። ሲኞራ ጋዜጣውን ፈተው አሸተቱት። ሽታው ኃይለኛ ነው፣ ማርም ከብትም የሚሸት። ከዚያ አንዷን ፍሬ በአውራ ጣታቸውና በጠቋሚ ጣታቸው መሐል ይዘው ጫን አሏት። ነጭ ወተት ወጣ። «ገና ነው» አሉ። «ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ማታ ማታ ብርድ አለ?» የለም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ጣታቸው ግን እርሻውን ያውቀው ነበር።

ሲደርስ በማጭድ ይታጨዳል። ነዶው እርሻው ላይ ተደጋግፎ፣ ራሱ ወደ ላይ ሆኖ ይቆማል፤ እንዲደርቅ ነው። ከዚያ እዚያው ይወቃል። ባለፈው መቶ ዓመት ግን ርካሽ በቆሎና ስንዴ መጣ፣ ወጣቱ ወደ ፋብሪካ ወረደ፣ እርሻው ጠፍቶ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ መልሰው የሚዘሩ ጥቂት ገበሬዎች አሉ። ስሎው ፉድ የሚባለው ማኅበርም የቫልቴሊናን ግራኖ ሳራቼኖ እንዳይጠፉ ከሚጠብቃቸው እህሎች መሐል አስገብቶታል። ሸለቆው የሚያመርተው ከሚበላው በጣም ያንሳል። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ዱቄት ከሌላ አገር የመጣ ነው። ይሄ ያሳዝነኛል። ዋጋው ወደድ ቢልም የሸለቆውን ዱቄት ባገኘሁ ቁጥር እገዛለሁ።

አሁን ወደ ሊጡ። ስንዴ ውስጥ ግሉተን አለ። ሊጡን የሚያጣብቀውና እንዲሳብ የሚያደርገው እሱ ነው። ግራኖ ሳራቼኖ ግሉተን የለውም። ስለዚህ አይሳብም፤ ብትስቡት ይበጠሳል፣ ብታሳሱት ይቀደዳል። የጤፍ ሊጥ ያቦካ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጤፍን ማንም እንደ ዳቦ ሊጥ ልሳብህ ብሎት አያውቅም። በአመሉ ነው የያዝነው። የፒትሶኬሪም ሕግ ሁሉ ከዚህ ከዱቄቱ አመል የወጣ ነው። ለምን አጭር? ረጅሙ ስለሚበጠስ። ለምን ወፍራም? ቀጭኑ ስለሚሟሟ። ለምን በማንኪያ አይማሰልም? ስለሚፈርስ። ቅቤውና ፎርማጆው እንደዚያ የበዛውም ዱቄቱ ደረቅና መረር ያለ ስለሆነ ነው። እኔ መጀመሪያ ቀን ያበላሸሁት የስንዴ ፓስታ ሕግ ይዤ ስለገባሁ ነው።

ቴሊዮ ውስጥ የፒትሶኬሪ አካዳሚ የሚባል ማኅበር አለ። አሠራሩን በጽሑፍ አስቀምጦታል። የሲኞራም አሠራር ከዚያው ጋር አንድ ነው። ለ4 ሰው 400 ግራም ግራኖ ሳራቼኖ፣ 100 ግራም ነጭ የስንዴ ዱቄት፣ 250 ግራም ካዜራ ፎርማጆ፣ 150 ግራም የተፈቀፈቀ ግራና (ጠንካራ ፎርማጆ ነው)፣ 200 ግራም ቅቤ፣ 250 ግራም ድንች፣ 200 ግራም ጎመን፣ አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ። ቅቤውን አይታችሁ አትደንግጡ። ይህ ቀኑን ሙሉ እርከን ላይ ሲቆፍር ለዋለ ሰው የተሠራ ምግብ ነው። እኔና ሲኞራ ሁለት ስለሆንን ሁሉንም በግማሽ እናደርገው ነበር።

አራት እጅ ግራኖ ሳራቼኖ፣ አንድ እጅ ስንዴ። ያቺ አንድ እጅ ስንዴ ማያያዣ ናት። ሁለቱን ዱቄት ቀላቅላችሁ ለብ ባለ ውሃ አቡኩት፤ የዱቄቱን ግማሽ ክብደት ያህል ውሃ ይፈልጋል። ውሃውን ግን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። አምስት ደቂቃ ማሸት ይበቃል። እንደ ዳቦ ሊጥ ሩብ ሰዓት ብትጨቁኑት ጉልበታችሁን ነው የምትጨርሱት፤ ግሉተን የሌለው ሊጥ በመታሸት ብዛት አይጠነክርም። ሸፍናችሁ ትንሽ አሳርፉት። ከዚያ በመዳመጫ ዳምጡት፣ ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር። ሲኞራ ውፍረቱን የሚለኩት ጫፉን በጣታቸው በመዳሰስ ነበር። «አሁንም ጨርቅ ነው» ካሉ ገና ነው ማለት ነው። «አሁን ቆዳ ሆነ» ሲሉ አቆማለሁ።

የተዳመጠውን 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጥብጣብ ቆራርጡት። በመሐላቸው ዱቄት ነስንሳችሁ አንዱን በአንዱ ላይ ደርድሩ። አሁን በአግድም ቁረጡት፣ እያንዳንዱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ስፋት እንዲኖረው። የሚወጣው የጣት ርዝመት ያለው ጥብጣብ ነው። ስትቆርጡ ቢላዋውን ወደ ታች ተጫኑት እንጂ አትጎትቱት።

በመሐል አንድ ነገር ልበል። ግሉተን የማይስማማችሁ ሰዎች ተጠንቀቁ። ግራኖ ሳራቼኖ ግሉተን የለውም ማለት ፒትሶኬሪ የለውም ማለት አይደለም፤ ስንዴ ገብቶበታል። ያለ ስንዴ መሥራት ይቻላል። ለዚያ እኔ ከቤት ያመጣሁትን ዘዴ ነው የምጠቀመው፣ አብሲትን። ከዱቄቱ ጥቂቱን በፈላ ውሃ አብስዬ ወፈር ያለ ሙቅ አደርገዋለሁ። እሱን ከቀረው ዱቄት ጋር አቦካዋለሁ። የበሰለው ዱቄት ሙጫ ይሆናል። ስንዴ የማይስማማት ጓደኛ አለችኝ፤ ለእሷ እንዲህ ሠርቼላት አልፈረሰም። ሲኞራ አብሲቱን ሲያዩ ፊታቸው አልተፈታም ነበር። ቀምሰው «ይሄዳል» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጎመኑ «ቨርዛ» የሚሉት ነው፤ ጥቅል ጎመን ሆኖ ቅጠሉ የተጨማደደው። ቨርዛ ውርጭ ሲመታው ነው የሚጣፍጠው። ስለዚህ ጊዜው ከኖቬምበር በኋላ ነው። እኔ ላይ የመጣው ችግር ይሄ ነበር። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ጎመኑ ሲጣፍጥ እኔ ቅቤና ፎርማጆ አልነካም። እስከ ገና መጠበቅ ነው። ከገና በኋላም ቢሆን ሌላ ነገር አለ። ሲኞራ ፒትሶኬሪ የሚበሉት ዓርብ ቀን ነበር። ለእሳቸው ሥጋ የሌለበት ምግብ የዓርብ ምግብ ነው። ለእኔ ደግሞ ዓርብ ጾም ነው። ሁለቱንም ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እንግዲያው ሐሙስ እናድርገው» አሉኝ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓርብ የበሉትን ነው ለእኔ ብለው ወደ ሐሙስ ያዞሩት። አራት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ቀረ።

ቨርዛ በማይገኝበት ወቅት በቴሊዮ ሁለት ነገር ይተካዋል። አንዱ ፋሶሊያ ነው፣ ከነልጣጩ ያለው አረንጓዴው። ሌላው «ኮስታ» ነው። ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ የኛ ቆስጣ ነዋ! ቃሉን ከእነሱ ወስደን ነው ቆስጣ ያልነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ሆኖ ይህን መሥራት ለሚፈልግ ሰው ጎመኑ አያስቸግርም። ቆስጣ በየጉሊቱ አለ። ግንዱን ለብቻ ደቃችሁ ቀድማችሁ ጨምሩት፣ ቅጠሉ ቶሎ ይበስላል። ድንች ግን በምንም አይተካም። የድንቹ ጠርዝ ሲሟሟ ውሃውን ያወፍረዋል፣ ያ ደግሞ ፎርማጆውን ይይዘዋል።

አንድ ድስት ብቻ ነው። ውሃው ጨው ይግባበት። ድንቹን በትንንሹ፣ ጎመኑን በመጠኑ ቆርጣችሁ ጨምሩ። አምስት ደቂቃ ካፈሉ በኋላ ፒትሶኬሪውን በትኑበት። ወደ 10 ደቂቃ ይበስላል። ቅመሱት። ውስጡ ዱቄት ዱቄት ማለቱን ሲተው ደርሷል። ወደ ማጥለያ አትድፉት፤ ውሃውና ክብደቱ ይሰባብሩታል። ቀዳዳ ባለው ጭልፋ ከላይ እየቀነሳችሁ አውጡት።

ካዜራ የሸለቆው ፎርማጆ ነው። ቅባቱ በከፊል ከተነሳለት የላም ወተት ይሠራል። ቢያንስ 70 ቀን ይቀመጣል። ሲቀልጥ ይሳባል፣ ግን ዘይት አይተፋም። ሌላም አለ፣ ቢቶ የሚሉት። እሱ በበጋ፣ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር፣ ከብቶቹ ተራራ ላይ ሲወጡ ብቻ የሚሠራ ነው። ቢቶ ውድ ነው። ካዜራ ባታገኙ ፎንቲና የሚባለው ፎርማጆ ይሆናል። ሞዛሬላ አታድርጉ፤ ውሃ ያዥና ጣዕም የሌለው ነው፣ ከዚህ ዱቄት ጋር አይቆምም።

ቅቤው ላይ ደርሰናል። እኔ የምሞትለት እዚህ ላይ ነው። ቅቤውን በትንሽ መጥበሻ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር፣ ለስለስ ባለ እሳት ጣዱት። መጀመሪያ ይንጫጫል። ውስጡ ያለው ውሃ ነው የሚንጫጫው። ሲኞራ ምድጃው አጠገብ ወንበራቸውን አስጠግተው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔ ጭልፋውን ይዤ እጠብቃለሁ። አረፋው ይነሳል፣ ድምፁ ይቀንሳል፣ ይቀንሳል፣ ከዚያ ድንገት ዝም ይላል። «ሰማሽው?» ይላሉ። ዝም ካለ በኋላ ያለው አንድ ደቂቃ ነው። ከሥር የወተቱ ቅሪት ይቀላል፣ የተቆላ ለውዝ የሚመስል ሽታ ይወጣል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ወርቅ ይመስላል። እዚያ ላይ አንሡት። አንድ ደቂቃ ብትዘገዩ ያራል፣ ይመራል። ብዙ ሰው ሳልቪያ የሚባለውን ቅጠል ይጨምርበታል። ጥሩ ነው። ሲኞራ ግን ነጭ ሽንኩርት ብቻ ነበር የሚሉት፣ እኔም በዚያው ቀረሁ።

አንድ ጊዜ እናቴ የላከችልኝን ንጥር ቅቤ ሞክሬበታለሁ። የቤቴን ጣዕም ላቀምሳቸው ፈልጌ ነው። አልሆነም። ምክንያቱን ያወቅኩት በኋላ ነው። ንጥር ቅቤ ቅሪቱ ቀድሞ ወጥቶለታል፤ የሚቀላ ነገር የለውም፣ ያ የለውዝ ሽታ አይመጣም። ኮሰረቱና ኮረሪማውም ፎርማጆውን ዋጡት። ሲኞራ ሳህኑን ጨርሰው በሉ። «ቅቤሽ ግሩም ነው፣ ለእናትሽ ንገሪያት» አሉ። «ለሌላ ነገር።» በማግስቱ በዚያው ቅቤ ዶሮ ወጥ ሠራሁላቸው፤ በርበሬውን ቀነስኩት። እሱን ወደዱት።

አሁን መደርደር። ጎድጓዳ ሳህን ቀድማችሁ አሙቁ። ከድስቱ አንድ ጭልፋ አውጡና ሳህኑ ላይ አድርጉ። በላዩ በስሱ የተከተፈ ካዜራና ግራና። እንደገና ጭልፋ፣ እንደገና ፎርማጆ። እስኪያልቅ። ሲያልቅ ቅቤውን ከነጭስጭሱ ከላይ አፍስሱት፤ ጭ—ስ ሲል ይሰማል። አታማስሉት። ይህን ደግሜ እላለሁ፣ አታማስሉት። ቅቤው በየመሐሉ ራሱ መንገዱን ያገኛል። ቁንዶ በርበሬ ፈጭታችሁ ወዲያው ብሉ። ከቀዘቀዘ ፎርማጆው ይደነድናል።

ጊዜ የሌለው ሰው ደረቁን በፓኬት ይግዛ። ነውር የለውም፣ ሚላን ያሉ የቫልቴሊና ሰዎችም ይገዙታል። «ፒትሶኬሪ ዴላ ቫልቴሊና» የሚለው ስም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት የተጠበቀ ነው። ይሁንና ፓኬቱን ገልብጣችሁ አንብቡ። ለደረቁ ፓስታ ደንቡ የሚጠይቀው ቢያንስ 20 በመቶ ግራኖ ሳራቼኖ ብቻ ነው፤ የቀረው ስንዴ ነው። እጅ የሠራው ተቃራኒው ነው፣ 80 በመቶው ግራኖ ሳራቼኖ። ስለዚህ የፓኬቱ ጠንካራ ነው፣ አይበጠስም፣ ጣዕሙ ግን ይለዝባል። መጠኑ ከፍ ያለውን ምረጡ። ምግብ ቤት ከገባችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኪያቬና በምትባለው ጎረቤት ከተማ ፒትሶኬሪ ካዘዛችሁ የሚመጣው ነጭ፣ ድቡልቡል ነገር ነው። ተሳስተው አይደለም፤ የእነሱ እንደዚያ ነው።

ከዱቄቱ የተረፋችሁ እንደሆነ ሻት የሚሉትን ሥሩ። ፎርማጆ በሊጥ ተነክሮ ዘይት ውስጥ ይጠበሳል። ቃሉ በሸለቆው ቋንቋ ጉርጥ ማለት ነው፤ ዘይቱ ውስጥ ሲወድቅ የሚያወጣው ቅርጽ ነው ስሙን የሰጠው። ስለ እሱ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ሲኞራ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። አሁን ሌላ ሥራ ነው ያለሁት። መዳመጫቸውን ልጃቸው ሰጠችኝ፤ አጭር ነው፣ እጀታ የለውም፣ መሐሉ ተበልቶ ሰርጉዷል። ሐሙስ ቀን፣ ጾም ካልሆነ፣ ሚላን ውስጥ ፖርታ ቬኔዚያ አካባቢ ያሉ ጓደኞቼን እጠራና እሠራለሁ። በስጎ የሞከሩት እነዚያው ናቸው የሚመጡት።

ሲኞራ በሕይወት ሳሉ ሐሙስ በልተን ሁልጊዜ ጥቂት እናስተርፍ ነበር። በማግስቱ ዓርብ ነው፣ እኔ አልበላም። ስለዚህ የሚሞቀው ለሲኞራ ብቻ ነበር። ጥቁሯን የብረት መጥበሻ አግልዬ የተረፈውን እዘረጋዋለሁ። አልነካውም። ከሥር ቅርፊት እስኪይዝ እተወዋለሁ፣ ከዚያ እንደ ቂጣ እገለብጠዋለሁ። ሲኞራ መሐሉን ብቻ ይበሉና ጠርዙን፣ ፎርማጆው አርሮ የተንቋቋበትን፣ በትንሽ ሳህን ያስቀምጡታል። ሳህኑን በሌላ ሳህን ይደፉበታል። «ለነገ ነው» ይሉኛል። ቅዳሜ ጠዋት ቡና ሳፈላ ጠረጴዛው ላይ፣ እኔ የምቀመጥበት ቦታ ላይ አገኘዋለሁ።